የሉል ባሕር፣ የሽርሽር ባሕር፦ የካሪቢያን ጠላቂዎች አምስት መቶ ዓመታት

በካሪቢያን ባሕር በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጉዞ ይጀመራል። ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ መንገደኞች ከአሜሪካና ከአውሮፓ በአውሮፕላን መጥተው ወደብ ላይ በምትጠብቃቸው መርከብ ይሳፈራሉ። መርከቢቱ አንዳንድ ጊዜ ባለ ሸራ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ባለ ሞተር ናት። ለሰባት ቀናት ያህል መኝታቸውም ማዕዳቸውም በእርሷ ላይ ነው። ከደሴት ወደ ደሴት ቢዘዋወሩም የመጡበት ጉዳይ በየብስ ላይ አይደለም፤ ከውኃው በታች ነው። በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ይጠልቃሉ። በየመካከሉ ይመገባሉ፣ ያርፋሉ፣ ልብሳቸውን ያደርቃሉ። ከጀምበር ግባት በኋላም የእጅ ባትሪ ይዘው ሌሊት የሚወጡትን የባሕር ፍጥረታት ለማየት እንደገና ይወርዳሉ።

የዚህ ሽርሽር ሥርዓት ጥብቅ ነው። ሰው በጥልቅ ውኃ ውስጥ የታመቀ አየር ሲተነፍስ ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ሰውየው ቀስ ብሎ ከወጣ ጋዙ በትንፋሹ ይወጣል። በጥድፊያ ከወጣ ግን፣ የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው፣ በደም ሥሩና በነርቩ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ከ40 ሜትር በታች እንዳይወርድ፣ ሲወጣም 5 ሜትር ያህል ሲቀረው ለሦስት ደቂቃ ቆም እንዲል፣ ተደጋጋሚ ጥልቀት ካደረገም በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ለጀማሪ ጠላቂ የሚነገር አንድ ሕግ አለ። ማንኛውም ጠላቂ፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያቱን ሳይጠየቅ፣ “ዛሬ አልወርድም” ማለት ይችላል።

ይህ ቀላል የሚመስል መብት በዚያው ባሕር ላይ መራር ታሪክ አለው። በካሪቢያን ጀልባ ላይ እየዋሉ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ወደ ጥልቁ እየወረዱ መኖር በሽርሽር አልተጀመረም። የተጀመረው በባርነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባጓ፦ ውኃ አልባዋ የሉል ከተማ

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ጥቅምት 12 ቀን 1492 ወደ አዲሱ ዓለም ሲደርስ በመጀመሪያ ያገኛቸው ሉካያን የሚባሉትን የባሃማስ ደሴቶች ነዋሪዎች ነበር። ሕዝቡ ኑሮው ከባሕር ጋር የተሳሰረ፣ ዋናን ከልጅነቱ የሚማር ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በሦስተኛው ጉዞው ኮሎምበስ ዛሬ ቬኔዝዌላ ወደምትባለው አገር ጠረፍ ዘለቀ። በዚያም የአገሩ ሰዎች በሉል ዶቃ አጊጠው አየ። ወሬው ስፔን እንደደረሰ ብዙ መርከቦች ወደዚያ አቀኑ።

ከጠረፉ ፊት ለፊት ኩባጓ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዛፍ የማይበቅልባት፣ የሚጠጣ ውኃ የሌላት ደረቅ መሬት ናት። በዙሪያዋ ግን ሉል የሚያፈሩ ዛጎሎች በባሕሩ ወለል ላይ ተከማችተው ይገኙ ነበር። ስፔናውያን ለከተማቸው የሚያስፈልገውን ውኃ ከዋናው ምድር በጀልባ እያስመጡ ኑዌቫ ካዲዝን መሠረቱ። ከተማዋም በ1528 ሕጋዊ የከተማነት ማዕረግ አገኘች። በደቡብ አሜሪካ ምድር ከተቆረቆሩት ቀደምት የስፔን ከተሞች አንዷ እርሷ ናት።

ሉሉን ከባሕር የሚያወጣው ማን ነው? በ1509 የስፔን ንጉሥ ፈርዲናንድ ሉካያኖች ከደሴቶቻቸው እየተያዙ ወደ ሂስፓኒዮላ እንዲወሰዱ ፈቅዶ ነበር። በመጀመሪያ የተወሰዱት ለወርቅ ማዕድንና ለእርሻ ነው። የኩባጓ ነጋዴዎች ግን የእነዚህ ሰዎች ዋጋ በሳንባቸው ውስጥ እንደሆነ ተረዱ። ቀድሞ በጥቂት ፔሶ ይሸጥ የነበረ ሉካያን መጥለቅ በመቻሉ ብቻ ዋጋው ብዙ እጥፍ ወጣ። በዚህም የተነሳ ኮሎምበስ የረገጣቸው የመጀመሪያዎቹ ደሴቶች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሰው አልባ ሆኑ።

የጠላቂዎቹን ኑሮ ለትውልድ ያቆየልን ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ የተባለው ስፔናዊ መነኩሴ ነው። በ1542 ጽፎ በ1552 ባሳተመው መጽሐፉ እንደገለጸው፣ ጠላቂዎቹ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ድረስ ወደ ባሕሩ ወለል እየወረዱ ዛጎል ይለቅማሉ። ለመተንፈስ ወጥተው ጥቂት ከቆዩ በጀልባው ላይ ያለው ጠባቂ ይመታቸዋል። ሌሊት እንዳያመልጡ በሰንሰለት ይታሰራሉ። ሻርክ የሚበላቸው ነበሩ። ከቅዝቃዜውና ትንፋሽን አፍኖ ከመቆየቱ የተነሳ ደም እየተፉ የሚሞቱትም ብዙዎች ነበሩ።

ላስ ካሳስና መሰሎቹ ያቀረቡት አቤቱታ ፍሬ አላጣም። በ1542 የወጣው የስፔን “አዲስ ሕግ” ማንኛውም ነፃ የአገሩ ተወላጅ ከፈቃዱ ውጭ ሉል እንዲያወጣ እንዳይገደድ፣ ያስገደደውም በሞት እንዲቀጣ ደነገገ። “ከፈቃዱ ውጭ” የሚለው ሐረግ ታላቅ ነገር ነበር። ሆኖም ሕጉ ለኩባጓ የደረሰው ከረፈደ በኋላ ነው። ዛጎሉ ያለ ዕረፍት በመለቀሙ በ1530ዎቹ መጨረሻ ተሟጦ ነበር። በ1541 ደግሞ የተፈጥሮ አደጋ ከተማዋን አፈረሳት። ሰዎቹም ዛጎሎቹም ያለቁት “በቃ” የሚል ስለጠፋ ነው።

ከአፍሪካ የመጡ ሳንባዎች

አዲሱ ሕግ የሉሉን ንግድ አላስቀረም፤ ጠላቂውን ብቻ ለወጠ። በጎረቤቷ በማርጋሪታ ደሴት ጀልባዎቹ ላይ የተጫኑት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች ሆኑ። በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ያሉ ሕዝቦች ዋናተኞችና ጠላቂዎች እንደነበሩ በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ተጓዦች መስክረዋል። በዚያ ዘመን አብዛኛው አውሮፓዊ መርከበኛ ራሱ መዋኘት አያውቅም ነበርና ይህ ችሎታ ያስደንቀው ነበር። ስለዚህ ነጋዴዎች አፍሪካዊውን ጠላቂ መርጠው ይገዙት ጀመር። ነፃው የአገሩ ተወላጅ “ከፈቃዱ ውጭ” እንዳይወርድ የከለከለው ሕግ ለአፍሪካዊው ጥላ አልሆነለትም።

የጠላቂዎች ሥራ ሉል በማውጣት ብቻ አልተወሰነም። በ1641 ኮንሴፕሲዮን የተባለች የስፔን መርከብ ከሜክሲኮ የመጣ ብር ጭና ስትጓዝ ከሂስፓኒዮላ በስተ ሰሜን ከኮራል አለት ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1687፣ ዊልያም ፊፕስ የተባለ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሰው ቦታውን አገኘው። መርከብ ጠራቢ የነበረው ፊፕስ ወደ ውኃው አልወረደም። የወረዱለት በትንፋሻቸው ብቻ የሚሠሩ የአሜሪካ ተወላጆችና አፍሪካውያን ጠላቂዎች ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚገመት ብርና ሌላ ሀብት ወጣ። ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ ፊፕስን “ሰር” ብሎ ሾመው፤ በኋላም የማሳቹሴትስ ገዥ ለመሆን በቃ።

ያ ቦታ እስከ ዛሬ “ሲልቨር ባንክ” ይባላል፤ የብር ደለል እንደማለት ነው። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰሜናዊ ጠረፍ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። አገሪቱ በ1986 አካባቢውን ለዓሣ ነባሪዎች መጠበቂያ አድርጋ ከልላዋለች። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሃምፕባክ የሚባሉት ታላላቅ ዓሣ ነባሪዎች ለመራባትና ለመውለድ ወደዚያ ይመጣሉ። ፈቃድ ያላቸው ጥቂት መርከቦችም እንግዶችን ይዘው አንድ ሳምንት በዚያው ያድራሉ። እንግዶቹ ዓሣ ነባሪዎቹ አጠገብ የሚንሳፈፉት ያለ አየር ሲሊንደር፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ነው። የፊፕስ ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን አፍነው ለሌላ ሰው ብር ባወጡበት ውኃ ላይ ዛሬ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ይንሳፈፋሉ።

ጦሩና ካሜራው

የሰው ልጅ ከትንፋሹ ልክ ነፃ የወጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1943 ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛ ጠላቂው አየር በፈለገ ጊዜ በፈለገው መጠን የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው ለገበያ ሲቀርብ ጥልቁ ለማንም ተራ ሰው ተከፈተ።

በካሪቢያን ግን ጉዳዩ ከዚያ ቀድሞ ተጀምሯል። በ1939 ሃንስ ሃስ የተባለ የሃያ ዓመት የቪየና ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ኩራሳኦ ደሴት ሄደ። ወጣቶቹ ጦርና በውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ካሜራ ይዘው ነበር። ጦርነቱ ስለፈነዳ መመለሻ መንገዳቸው ተዘጋ፤ ጉዞው ካሰቡት በላይ ረዝሞ ቦኔር ደሴትንም ለማየት በቁ። ሃስ ሕግ ማጥናቱን ትቶ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 እና በ1950 ቀይ ባሕርን መረጠ። በፖርት ሱዳን አካባቢ ያነሳው ፊልምም በቬኒስ ሽልማት አገኘ። ቀጥሎ ዛሪፋ የምትባል በ1927 የተሠራች ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ገዝቶ አደሰ። በ1953 ከባለቤቱ ከሎተ፣ ከሳይንቲስቶችና ከካሜራ ሰዎች ጋር በእርሷ ተሳፍሮ አትላንቲክን በማቋረጥ ወደ ካሪቢያን፣ ከዚያም ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ተጓዘ። በአንዲት የሸራ መርከብ ላይ እየኖሩ፣ እየተጓዙ፣ በየደረሱበት የሚጠልቁ ሰዎች ምን ዓይነት ሕይወት እንዳላቸው ብዙ የአውሮፓ ሕዝብ ያየው በዚህ ጉዞ ፊልም ነው። የዛሬው ሽርሽር ከዚያ ጉዞ ብዙ ወርሷል።

በሃስ እጅ የነበሩት ሁለቱ ነገሮች፣ ጦሩና ካሜራው፣ ለጊዜው አብረው ቆዩ። በኋላ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። ይህ ምርጫ በግልጽ የታየው በቦኔር ነው። በ1962 ዶን ስቱዋርት የሚባል አሜሪካዊ ካፒቴን በሸራ መርከቡ ወደ ቦኔር መጣና በዚያው ቀረ። እርሱም እንደ ዘመኑ ሰዎች ዓሣ በጦር የሚያድን ነበር። ዓሦቹ እየሳሱ መሄዳቸውን ሲያይ ግን የጦር አደን እንዲቀር ከሚወተውቱት አንዱ ሆነ። በ1971 ቦኔር በጦር ማጥመድን በሕግ ከለከለች። በ1979 ደግሞ በዙሪያዋ ያለውን ባሕር እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ ከለለች። መልሕቅ ኮራልን እንዳይሰብር ጀልባዎች የሚታሰሩባቸው ቋሚ ተንሳፋፊዎች ተተከሉ። በኩባጓ ያልተነገረው “በቃ” የሚለው ቃል በዚሁ ባሕር በሌላ ደሴት በሕግ ተጻፈ።

በዚያችው ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ ላይ ግን ሌላ ምስክር ቆሟል። በጨው ማምረቻዎቹ አጠገብ በ1850 የተሠሩ ትናንሽ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። አንድ ጎልማሳ በውስጣቸው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። በባርነት ጨው የሚያወጡ ሰዎች ማደሪያ ነበሩ። በኔዘርላንድ ቅኝ ግዛቶች ባርነት የተሻረው ሐምሌ 1 ቀን 1863 ነው። ከጎጆዎቹ ፊት ለፊት ያሉት የመጥለቂያ ቦታዎች ዛሬ በጠላቂዎች ዘንድ “ነጩ ባሪያ” እና “ቀዩ ባሪያ” ተብለው ይጠራሉ። ጎብኚው የአየር ሲሊንደሩን የሚያዝለው ከእነዚህ ቤቶች ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው።

አገልጋዩና አውሎ ነፋሱ

በመርከብ ላይ እያደሩ የመጓዝና የመጥለቅ ሽርሽር ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ በካይማን ደሴቶች፣ በቤሊዝ፣ በባሃማስ፣ በሳባና በሌሎችም ደሴቶች ተስፋፋ። ሞቃቱና ጥርት ያለው ውኃ ሰውን ያባብላል። አገራችን “እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ” እንደሚባለው ግን፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የታላላቅ አውሎ ነፋሶች ወቅት ነው።

በጥቅምት 1998 ፋንቶም የምትባል ባለ አራት ምሰሶ የሽርሽር መርከብ በሆንዱራስ ጠረፍ አካባቢ ሳለች ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ካፒቴኑ መንገደኞቹን ቤሊዝ ሲቲ ላይ አውርዶ መርከቢቱን ለማትረፍ ወደ ባሕር ተመለሰ። አውሎ ነፋሱ መንገዱን ቀይሮ አገኛት። ፋንቶም ከነ 31 መርከበኞቿ ጠፋች። ከእነርሱ አብዛኞቹ የካሪቢያንና የአካባቢው አገሮች ልጆች፣ አብሳዮች፣ ሸራ ጎታቾች፣ አስተናጋጆች ነበሩ። ለእንግዳው ጉዞው በአደጋው ጊዜ ሊቋረጥ የሚችል ሽርሽር ነበር፤ ለሠራተኛው ግን እንጀራው ነበር።

ይህ ማለት ባሕር እንግዳን ይምራል ማለት አይደለም። ጥቅምት 8 ቀን 2001 አይሪስ የተባለው አውሎ ነፋስ በደቡብ ቤሊዝ ዌቭ ዳንሰር የተባለችውን የጠላቂዎች መርከብ በታሰረችበት ገልብጦ 20 ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱም 17ቱ አሜሪካውያን እንግዶች፣ 3ቱ ሠራተኞች ነበሩ።

ተመሳሳይ ሲሊንደር፣ የተለየ ዕጣ

የኩባጓ ታሪክ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝጋት ይቀል ነበር። በሆንዱራስና በኒካራጓ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሚስኪቶ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የዚህ ሕዝብ ወንዶች ሎብስተር ለማጥመድ በመርከብ እየተጫኑ ይወጣሉ፤ ለቀናት በመርከቡ ላይ እያደሩ ይጠልቃሉ። የሚያዝሉት እንግዳው የሚያዝለውን ዓይነት የአየር ሲሊንደር ነው። የሚተነፍሱት ያንኑ የታመቀ አየር ነው። ጠላቂውን በትንሽ ታንኳ ሆኖ አረፋውን እያየ የሚከተለው ብዙ ጊዜ ለጋ ወጣት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ክፍያው በተያዘው ሎብስተር ክብደት ስለሚሰላ ጠላቂው በቀን አሥርና ከዚያ በላይ ሲሊንደር ይጨርሳል። በጥልቀት ላይ ያለው ሎብስተር እየተሟጠጠ ሲሄድ ከ30 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ሲወጣም አይቆይም። ብዙዎቹ በቂ ሥልጠና፣ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያና ሐኪም አልነበራቸውም። ናይትሮጅኑ ሥራውን ሠራ። በሚስኪቶ መንደሮች በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ጎልማሶች በዙ።

ጠላቂዎቹና ቤተሰቦቻቸው ጉዳያቸውን ወደ ሕግ ወሰዱት። ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ ነሐሴ 31 ቀን 2021 የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ42 ሚስኪቶ ጠላቂዎች ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። የሆንዱራስ መንግሥት ኃላፊነቱን አምኖ የተቀበለ ሲሆን፣ መንግሥት የግል ድርጅቶች ሠራተኛን በአደገኛ ሁኔታ ሲያሠሩ ዝም ብሎ ማየት እንደማይችልም ተደነገገ። የስፔን ንጉሥ “ከፈቃዱ ውጭ ሉል አያውጣ” ካለ 479 ዓመት ሆኖት ነበር።

ለቀይ ባሕር ጎረቤቶች

ይህ ታሪክ ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የዳህላክ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ በሉላቸው ይታወቁ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሉል ንግድ በደራበት ጊዜ፣ በጀልባዎቹ ላይ ከሚጠልቁት መካከል ከምሥራቅ አፍሪካና ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት ተሻግረው የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ነፃ የተባለውም ጠላቂ ብዙ ጊዜ ለጀልባው አለቃ ለናኾዳው ባለዕዳ ነበር፤ ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት ይንከባለል ነበርና “ዘንድሮ አልወርድም” የማለት አቅም አልነበረውም። ያንን ንግድ በመጨረሻ የገደለው የሰው ርኅራኄ አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ የመጣው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስና በጃፓን በእርባታ የሚመረተው ርካሽ ሉል ነበር።

እንግዲህ በካሪቢያን ሽርሽር የሚወጣ ሰው ሊያፍርበት የሚገባ ነገር የለም። የባሕርን ጥልቅ ለማየት መጓጓት መልካም ጉጉት ነው። ቦኔር እንዳሳየችው፣ ጦሩን ጥሎ ካሜራውን ያነሳ እንግዳ ባሕሩ እንዲጠበቅ ምክንያት ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ከመርከቡ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ውኃው ቢቀዘቅዘው ወይም ልቡ ቢፈራ፣ ሲሊንደሩን አውርዶ ወደ ጓዳው ሲመለስ ማንም አይቆጣውም፤ አብሳዩም ሻይ ያቀርብለታል። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ሉካያኑ፣ የማርጋሪታው አፍሪካዊና የናኾዳው ባለዕዳ ያጡት ግን ይህንኑ ትንሽ ነገር ነበር።